የ1957ቱ ዘለበት

ሱሃይላ የቀበቶ ዘለበቱን ከታችኛው ከንፈሯ ጋር አስጠጋችው። እሷ ይሄን ስታደርግ የዘጠነኛ ‹ለ› ስልሳ ሁለት ተማሪዎች በሙሉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ያን ቀን እንዲያውም ከግቢው አጥር ውጭ የሚያልፉት ባጃጆች ሳይቀሩ ሞተራቸውን ያጠፉ ነበር የሚመስለው። ከንፈር ከጣት በላይ ቅዝቃዜ ያውቃል። ፕላስቲክ ከንፈር ላይ እንዳረፈ ለብ ይላል፣ ብረት ግን ቅዝቃዜውን ቶሎ አይለቅም።

«ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ አይደለም» አለች።

ከዚያ ከተበላሸ ራዲዮ የተፈታ ማግኔቷን ከኪሷ አውጥታ አስጠጋችው። ማግኔቱ አልያዘም። «ከላይ ብቻ የተለበጠ ብረትም አይደለም። ድፍን ናስ ነው።»

የዘለበቱ ባለቤት ወዬሳ፣ ከፊት ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ የነበረው፣ ፊቱ በራ። ዘለበቱን በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ፊት ለፊቱ ላይ ክንፍ ያለው የባቡር ጎማ ተቀርጾበታል፤ ጠርዙ ከመታሸት ብዛት እንደ ሳሙና ለስልሷል።

የመጪው ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ‹የቤተሰብ ዕቃ› የሚል ኤግዚቢሽን ያሳያል። የታሪክ አስተማሪያቸው መምህር ልዑልሰገድ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ አሮጌ ነገር እንዲያመጣ አዘዋል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ግን ዕድሜው ተመርምሮ ያለፈ ብቻ ነው። ተማሪው ያመጣው ደግሞ አብዛኛው የልብስ ቁልፍና ዘለበት ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአያት የቀረ ኮት ቢጠፋ እንኳ ቁልፉ የሆነ መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። ለዚህ ሁሉ አንድ መርማሪ ተመረጠ፣ እሱም ያለ ምንም ክርክር ሱሃይላ ሆነች። ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ አዳማ ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ ስለ ቁልፍ እንደ እሷ የሚያውቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አልተወለደም። አጎቷ አብዱልመናን ከተጠየቀ፣ ለሚቀጥሉት መቶ ዓመታትም አይወለድም።

አብዱልመናን ልብስ ሰፊ ነው። ከወሎ መጥቶ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ከከፈተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በመስኮት የሚያወራባት ናት፤ ውስጧ ግን አሥራ ሰባት የወተት ዱቄት ጣሳ ሙሉ ቁልፍ አለ። በአብዱልመናን ቆጠራ አንድ ሚሊዮን፣ ሱሃይላ አንድ ክረምት ሙሉ ስትቆጥረው ደግሞ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ አርባ። ያረጀ ልብስ መወልወያ ከመሆኑ በፊት ቁልፉ ሁሉ ይቆረጣል፤ የአንድ ኮት ቁልፎች በአንድ ክር ይሰካሉ፣ ከሌላ ኮት ቁልፍ ጋር አይቀላቀሉም። ሱሃይላ ከነዚያ ክሮች ነው የተማረችው። ቀንድ በጋለ መርፌ ሲነካ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አጥንት ላይ ጥቃቅን ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። ከዛጎል የተሠራ ቁልፍ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ግን ሻካራ ነው። የድሮ የብረት ቁልፍ ጆሮ፣ ክሩ የሚገባበት ቀለበት ማለት ነው፣ ለብቻው ተበይዶ ነው የሚለጠፈው። ኮቱ ነትቦ የውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ሲሰፋ ደግሞ ቁልፉ ወደ ሌላኛው ጎን ይዛወራል፤ የቀድሞው የመርፌ ቀዳዳ ግን እዚያው ስለሚቀር ኮቱ ስንት ዓመት እንደተለበሰ ይናገራል።

በዚህ ዓይነት ባለፈው ሳምንት ፈሪድን አጋልጣዋለች። ፈሪድ የክፍሉ ቀልደኛ ነው። ስድስት ቡናማ ቁልፍ አምጥቶ የጣልያን ወታደር ካፖርት ላይ የነበሩ ናቸው ብሎ ምሎ ነበር። ሱሃይላ መርፌዋን በክብሪት አግላ አንዱን ነካ ስታደርገው ክፍሉ በፕላስቲክ ሽታ ታፈነ። ፈሪድ አላፈረም፤ ፎግሬያችሁ ነበር ብሎ ስቆ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ግን ክፍሉ ምርመራውን እንደ ኳስ ጨዋታ ነው የሚጠብቀው። ሱሃይላም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎል ማግባቱን ወዳዋለች።

«እስቲ ታሪኩን ንገረን» አለችው ወዬሳን።

ወዬሳ ተነስቶ ቆመ። ዘለበቱ የአካኮ ነው አለ፤ አያቱን አቶ ሰንበታን በኦሮምኛ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። አካኮ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ምድር ባቡር ነው፣ እዚሁ ናዝሬት ጣቢያ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ ጥር 1950፣ የተቀጠሩ ዕለት ነው ቀበቶው የተሰጣቸው። ጡረታ እስኪወጡ ከወገባቸው አልወረደም። ቆዳው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ዘለበቱ ግን ያው ነው።

ሱሃይላ ዘለበቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ፣ ከምላሱ ሥር፣ የአቧራና የጫማ ቀለም ቅርፊት ነበር። በሎሚ ልጣጭ አሸት አሸት ስታደርገው መጀመሪያ ደቃቅ የፈረንጅ ፊደላት፣ ቀጥሎ አራት ቁጥሮች ወጡ። ዓመት የተጻፈበት ዕቃ ማግኘት ለመርማሪ ከሎተሪ በላይ ነው፤ በሦስት ሳምንት ምርመራ ገና ሁለተኛዋ ነበር።

«ወዬሳ፣ አያትህ ቀበቶውን መቼ ታጠቁት አልክ?»

«ጥር 1950።»

«እዚህ ላይ የተጻፈው 1957 ነው» አለች። ትንሽ ቆም አለች፤ ቆም ማለት የሚያመጣውን ነገር ታውቃለች። «ገና ሊሠራ ሰባት ዓመት ሲቀረው ነው የታጠቁት?»

ክፍሉ ፈነዳ። የጣሪያው ቆርቆሮ ከነሚስማሩ ተነስቶ ተመልሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ፈሪድ ከኋላ ሆኖ ሽማግሌው ከወደፊት በባቡር የመጡ ናቸው አለ፤ ይህ ደግሞ የቀረውን አንድ ሁለት ያልሳቀ ሰው ጨረሰው።

ወዬሳ ብቻ አልሳቀም። «አካኮ ዋሽቶ አያውቅም» አለ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«እንግዲያው የዋሸኸው አንተ ነሃ» አለችው እሷ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ።

መምህር ልዑልሰገድ ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዘለበቱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አራቱን ቁጥሮች አዩ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ከዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ሰረዙ። ወዬሳ ዘለበቱን መሐረቡ ውስጥ መልሶ ጠቀለለ። አራት ጊዜ አጥፎ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ።

ማታውኑ ወሬው አብዱልመናን ዘንድ ደረሰ፤ ያደረሰችው ራሷ ሱሃይላ ናት። አጎቷ ደስታው ወሰን አጣ። ለሱሪ ልክ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ የእህቱ ልጅ ያጋለጠችውን ዘለበት ተረከ። ሐሙስ ጠዋት ዘለበቱ የአንድ ደጃዝማች ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት ከወርቅ የተሠራ ሆነ፤ አርብ ጠዋት ከውጭ አገር ሙዚየም ተደውሎ ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ወዬሳ የሄደበት ሁሉ ሙድ ይያዝበት ጀመር። ኮሪደር ላይ ፈሪድ በቁም ነገር ፊት ያስቆመውና ወደፊት ያሉት ሰዎች ደህና እንደሆኑ ይጠይቀዋል። ምሳ ሰዓት ሌሎቹ ያን እየደገሙ ይቀባበሉታል። ሱሃይላ ሁለት ጊዜ ሰምታለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሁለተኛውን ግን ወዬሳ ምሳውን ሳይጨርስ ሲነሳ ስላየች ፊቷን ወደ ምሳ ዕቃዋ መለሰች።

አርብ ከሰዓት መምህር ልዑልሰገድ ሱሃይላን ጠርተው ዝርዝሩንና ሠላሳ ሦስት ባዶ ካርድ ሰጧት። ለየዕቃው ካርድ ትጽፋለች። አንድ ማሳሰቢያም ጨመሩ። ነገ ብዙ ሽማግሌዎችና የቀበሌ ሰዎች ይመጣሉ፤ ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ያለውን ሁሉ ወደ እኛው ታምጣው። ሱሃይላ እሺ ብላ ወደ አጎቷ ሱቅ ሄደች፤ የመቁረጫው ጠረጴዛ ካርድ ለመደርደር ይመቻል።

ሥራው ቀላል ነው። በማስታወሻ ደብተሯ ጀርባ ላይ ደንቡን ጻፈች፤ ወሩ ከታወቀ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ይቀነሳል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱም ይጻፋል። የክፍላቸው ልጅ የሑስና እናት የሰርግ ልብስ ዘለበት፣ ጀርባው ላይ 1998 ያለው፣ 1990 ወይም 1991 ሆነ። ዓመታቸው በግምት የተጻፈውንም በዚሁ ደንብ እየቀነሰች ዝርዝሩን ወደ ታች ወረደች። እጇ አስቦ የሚሠራ እጅ አልነበረም፤ በራሱ የሚሄድ የስፌት መኪና ነበር። ሠላሳ አራተኛው መስመር ላይ ዘለበት፣ ናስ፣ 1957 ይላል፤ በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። እጇ መሰረዙን ሳያይ አጠገቡ 1949 ወይም 1950 ብሎ ጻፈ።

እስክሪብቶው እዚያው ቆመ።

ሱሃይላ ያቺን ቁጥር አንድ ሺህ ጊዜ ያህል አየቻት። ዘለበቱ የተሠራው ፈረንጅ አገር ነው። ፊደሉ የፈረንጅ ነው። ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። ሽማግሌው የተቀጠሩት ደግሞ በእኛ ጥር 1950 ነው፣ በፈረንጅ 1958 ሲጀምር። ዘለበቱ በመርከብ መጥቶ፣ ከጅቡቲ ባቡር ተሳፍሮ፣ ገና ትኩስ እንዳለ ነው ወገባቸው ላይ ያረፈው። አንድ ቀን እንኳ አልተዛነፈም።

የሚገርመው ይሄን የማያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። እሷ ራሷ በ2003 ተወልዳ ፓስፖርቷ ላይ 2011 የሚል ልጅ ናት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ስልሳ ሁለት ልጆች ሁሉ ሁለት ሁለት የልደት ቀን አላቸው፣ አስተማሪያቸውም ጭምር። ስምንተኛ ክፍል ፎርም ሲሞሉ ሰባትና ስምንት እየደመሩ አድረው ነበር። ረቡዕ ዕለት ግን 1957 ከ1950 እንደሚበልጥ እንጂ ሌላ ነገር ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። መርማሪዋ ጎል ለማግባት ቸኩላ ነበር፣ ተመልካቹም ለመሳቅ።

«አጎቴ» አለች፣ «ተሳስቻለሁ።»

አብዱልመናን ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «በስንት ሳንቲ ሜትር?» አለ።

«በሰባት ዓመት።»

መኪናው ቆመ። ነገሩን ስትነግረው አብዱልመናን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለ፤ ጎረቤት ያለው ጫማ ሰፊ አሞት እንደሆነ ለማየት አንገቱን አስግጎ ነበር። በመጨረሻ ጥፋቱ የዘለበቱ ነው አለ። እዚህ አገር ይሄን ሁሉ ዓመት ኖሮ እስካሁን በፈረንጅ ይቆጥራል።

ሱሃይላ አልሳቀችም። ስለዚህ አብዱልመናን ወንበሩን ወደሷ አዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ፣ ሱሁ። ይሄን ያወቅነው እኔና አንቺ ነን። አንዱን ተሳሳትኩ ካልሽ ሠላሳ ሦስቱም ካርድ ይጠረጠራል። ሰው ደግሞ ያገኘሽውን አይደለም የሚያስታውሰው፣ የሳትሽውን ነው። እኔን እይኝ፣ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም።»

«ተሳስተህ አታውቅም?»

«ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም ነው ያልኩሽ» አለና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ሱሃይላ ካርዶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የአዳማ ሙቀት አስፋልቱን እንደ ሊጥ እያለሰለሰው ነበር። ወዬሳ የሚኖረው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ስትደርስ ግቢው በር ላይ የአባቱን ባጃጅ እያጠበ አገኘችው። ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ማጠቡን ቀጠለ።

«ምን ፈለግሽ?»

መግቢያ አዘጋጅታ ነበር፤ ጠፋባት። «1957ቱ በፈረንጅ ነው» አለች ብቻ።

ወዬሳ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለም። ከዚያ እጁ ቀስ እያለ ቆመ። የባጃጁ የፊት መስታወት በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ነበር፤ ጣቱን አንስቶ አረፋው ላይ 1957 ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ 7፣ ከሥሩ መስመር፣ ከመስመሩ ሥር 1950። ቁጥሮቹ እየወረዱ እስኪጠፉ ድረስ አያቸው። ደስ አለው ለማለት ያስቸግራል። የተቆጣም አልመሰለም። በጣም ከባድ ጆንያ ከትከሻው አውርዶ፣ የት እንዳወረደው ያልገባው ሰው ነበር የሚመስለው።

«አካኮ ረቡዕ ማታ ደውሎ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስለ ዘለበቴ ምን አሉ አለኝ። ሁሉም ሳቀ ልበለው? መሃል ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው አልኩት። ነገ ከሁሩታ ይመጣል፣ ሊያየው። በመጀመሪያው ሚኒባስ።»

ሱሃይላ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ምን ልለው እንደሆነ ሁለት ቀን ሙሉ ሳስብ ነበር» አለ ወዬሳ። «አሁን ግን ተገላገልን። በቃ፣ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጊው፣ ካርድ ጻፊለት። ሠላሳ አራት ዕቃ መሃል ማን ልብ ይላል? እሱ አያፍርም፣ አንቺንም ሼም አይይዝሽም።»

«አንተስ? ፈሪድና እነሱ…»

«ይደክማቸዋል» አለ ወዬሳ፣ ስፖንጁን እየጨመቀ። «እስከ ሰኔ ድረስ ይደክማቸዋል።»

ጊዜው ኅዳር ነበር።

ገብቶ መሐረቡን አምጥቶ ሰጣት። ሱሃይላ ዘለበቱን ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ ኪሷ ውስጥ የሚመዝነው አንድ ሎኮሞቲቭ ያህል ነበር። የወዬሳ ሐሳብ ግን ጥሩ ሐሳብ ነበር። ደጋግማ አገላበጠችው፤ ሁሉንም ያድናል፣ ከራሱ ከወዬሳ በቀር። እሱ ደግሞ ራሱ ነው ያቀረበው። አንድ ሰው ራሱ ያቀረበውን መቀበል ጥፋት ነው? ቤት እስክትደርስ መልሱን አላገኘችም።

ቅዳሜ ጠዋት ከዘበኛው ቀጥላ ግቢ የገባችው እሷ ናት። አዳራሹ ውስጥ ረጅሙ ጠረጴዛ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኗል። ዘለበቱን መሃል ላይ፣ ከመስኮቱ ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ አስቀመጠችው። ከደብተሯ ሽፋን ቆርጣ ሠላሳ አራተኛውን ካርድ ጻፈች። የቀበቶ ዘለበት፣ ናስ። የአቶ ሰንበታ። የተሠራው በፈረንጅ 1957፣ በእኛ 1949 ወይም 1950። ባለቤቱ የታጠቁት ጥር 1950። ንጹሕ ካርድ ነበር፣ አንድ የተሳሳተ ቃል የሌለበት። መምህር ልዑልሰገድ ሲመጡ አጠገቡ ቆመው አነበቡት፣ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፣ ወደሷ አዩና በሮቹን ሊያስከፍቱ ሄዱ።

በሦስት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ከመላው ኦሮሚያ ሰው የቀረ አይመስልም ነበር፤ በትክክል ሲቆጠር ሁለት መቶ ያህል ይሆናል። አብዱልመናን በራሱ እጅ የሰፋውን ባለ ሦስት ቁልፍ ኮት ለብሶ በር አጠገብ ቆሟል። ለገባው እንግዳ ሁሉ እዚያ ደረቷ ላይ ‹መርማሪ› የሚል ወረቀት የለጠፈችው ልጅ የእህቱ ልጅ መሆኗን፣ ከተወለደች ጀምሮም አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስታ እንደማታውቅ ይነግራል። ሱሃይላ ከሩቅ ሰምታዋለች። አዳራሹ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

አቶ ሰንበታ ወዬሳን ተደግፈው ገቡ። ረጅም ናቸው፤ ሲገቡ ከበሩ መቃን በታች ራሳቸውን ዝቅ ያደረጉት በልማድ እንጂ በሩ ስለነካቸው አልነበረም። ካኪ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ሌላውን ዕቃ ሁሉ አልፈው በቀጥታ መሃሉ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ዘለበቱን በአንድ ጣት ብቻ ነኩት፣ ልክ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ» አሏት ሱሃይላን፤ ልጄ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ። የመጀመሪያ ቀን ቀበቶው ሰፍቷቸው በሲባጎ አስረውት እንደነበር፣ አለቃቸው ቀዳዳ በምስማር እንደበሳላቸው ነገሯት። ሱሃይላ እየሰማቻቸው ፈገግ አለች። ወዬሳም ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ረገብ አለ። እንደዚያው ቢያልፍ ኖሮ ሁሉም ነገር በወዬሳ ሐሳብ ተጠናቆ ነበር።

ፈሪድ ግን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከጠረጴዛው ማዶ ደረሰ። ዘለበቱን አየ፣ ወዬሳን አየ። ክፋት የለበትም፤ ቀልድ አፉ ላይ ከመጣ መዋጥ የማይችል ልጅ ነው።

«እንዴ፣ ይሄ ከወደፊት የመጣው አይደለም እንዴ?» አለ፣ ጮክ ብሎ። ጓደኞቹ ሳቁ። አጠገባቸው የነበሩ የክፍል ልጆችም ሳቁ።

አቶ ሰንበታ ዞር አሉ። ጆሯቸው ጥሩ ነው፤ አርባ ዓመት የባቡር ፊሽካ ያዳመጠ ጆሮ ነው። «ምንድን ነው ያለው ልጁ?»

«ምንም አይደለም፣ አካኮ» አለ ወዬሳ። «ቀልድ ነው። ና ወደዚያ፣ ሌላም አለ።»

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። የልጅ ልጃቸውን ፊት አዩ፣ የሚስቁትን ልጆች አዩ። ዝቅ ብለው ሱሃይላ ደረት ላይ ያለውን ወረቀት ለማንበብ ሞከሩና መነጽራቸውን ሁሩታ ረስተው መምጣታቸውን ተናገሩ።

«አንቺ ነሽ አዋቂዋ? እስቲ ይሄ ካርድ ምን ይላል፣ አንብቢልኝ። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር ተጽፏል መሰለኝ።»

ሱሃይላ ካርዱን አነሳችው። የሚያስቅ ነገር አልነበረበትም። አራት መስመር ነው፤ ለሳቸው አንብባ ብትመልሰው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ ፈሪድም ሰኞ ሌላ ቀልድ ይፈልጋል፣ ወይም ያንኑ ይደግማል። በር ላይ አጎቷ ለአንድ የቀበሌ ሰው ስለሷ እየነገረው ነበር፤ ጣቱን ወደሷ ሲቀስር አየችው። ወዬሳ ዓይኖቿን ፈልጎ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ተዪው ማለቱ ነበር።

«አንድ ጊዜ ይቆዩኝ፣ አባባ» አለች። «ካርዱ አላለቀም።»

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ እስክሪብቶዋን አወጣች። ፈሪድ ምን እንደምትጽፍ ለማየት ከማዶ አንገቱን ዘረጋ፤ ፊደሎቹ ለሱ ተገልብጠው ስለነበር አንድ በአንድ ነበር የሚያነባቸው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የነበረው ፈገግታ ከፊቱ ላይ ተነስቶ የት እንደሄደ አልታወቀም። ጓደኞቹ ምን ይላል፣ ምን ይላል አሉት።

‹ረቡዕ ዕለት በክፍል ፊት ዘለበቱ ውሸት ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩት የፈረንጁን ዓመት በእኛ ስለቆጠርኩ ነው፤ ወዬሳ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው።› ይሄንን ጻፈች፣ ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች። ቀለሙ እስኪደርቅ ትንሽ እፍ አለችበት።

ከዚያ ቀና ብላ ካርዱን ከፍ አደረገችው። አዳራሹ ሰፊ ስለነበር ከበሩ አጠገብ ያሉትም እንዲሰሙ፣ ድምጿን ከተለመደው ትንሽ ጨምራ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ማንበብ ጀመረች።